ስሙ ላይ ቁጥር የሌለው ክለብ፦ ከሉክሰምበርግ ከተማ እስከ ኒደርኮርን፣ የአራት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ቀን 1፣ ሐሙስ፦ ሉክሰምበርግ ከተማ

ፍራንክፈርት ወይም ብራሰልስ ለሚኖር ሰው ሉክሰምበርግ ሩቅ አይደለችም፤ ጧት የተነሳ ለምሳ ይደርሳል። የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ፈቃዱና ፓስፖርቱ ግን ከኪሱ አይለዩ። ለዚህ ጉዞ ከሐሙስ እስከ እሁድ ያለው ጊዜ ይበቃል። ዋናው ነገር የጉዟችን መድረሻ የሆነው የኒደርኮርን መንደር እግር ኳስ ክለብ ፕሮግሬ እሁድ በሜዳው የሚጫወት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። ሊጉ በኦገስት ተጀምሮ በሜይ ያልቃል፤ በብርዱ ወራት መሀል ረጅም ዕረፍት ስላለው በጃንዋሪ የሚሄድ ሰው የሚያየው ባዶ ሜዳ ነው። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጓጓዣው ነገር ቀላል ነው። ከማርች 2020 ወዲህ በአገሪቱ ውስጥ ባቡር፣ አውቶቡስና ትራም ለማንኛውም ሰው ነጻ ነው፤ ቲኬት የለም፣ መሳፈር ብቻ ነው። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ነጻው ሁለተኛ ማዕረግ ብቻ ነው፤ በባቡሩ በር አጠገብ 1 ቁጥር የተጻፈበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ይከፍላል። ሁለተኛው፣ ነጻነቱ ድንበር ላይ ያበቃል። ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄዱ አንዳንድ ባቡሮች የድንበሩን ጣቢያ ሮዳንዥን አልፈው ፈረንሳይ ወይም ቤልጂየም ይገባሉ፤ እንቅልፍ የወሰደው ተሳፋሪ ያለ ቲኬት ድንበር ተሻግሮ ይነቃል።

የመጀመሪያውን ቀን ለከተማዋ ሁለት ስታዲየሞች ስጡት። በ2021 የተከፈተው የሉክሰምበርግ ስታዲየም በደቡቡ የከተማዋ ጫፍ ነው፤ ትራሙ በሩ ድረስ ያደርሳል፤ ከ9 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ከሱ በፊት የነበረው በአርሎን መንገድ ላይ የተሠራው ጆሲ ባርተል ስታዲየም ነው። ስሙን ያገኘው በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በ1500 ሜትር ወርቅ ካጠለቀው የአገሪቱ ሯጭ ነው።

የአንድ ትንሽ መንደር ክለብ ታሪክ ለማየት ከዋና ከተማ ስታዲየም መጀመር ግራ ሊያጋባ ይችላል። ምክንያት አለው። አንድ የመንደር ክለብ ለአውሮፓ ውድድር ሲያልፍ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የሜዳ መብራት በቂ መሆኑን፣ ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ ወንበር መኖሩን፣ የእንግዳ ደጋፊ መግቢያ መለየቱን፣ የጋዜጠኛና የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍል መኖሩን ይቆጣጠራል። የመንደር ሜዳ ይህን አያሟላም። ስለዚህ ክለቡ "በሜዳዬ" የሚለውን ጨዋታ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተከራየው ሜዳ ያደርጋል። የኒደርኮርኑ ክለብ ፕሮግሬ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁን ምሽት ያሳለፈው እዚሁ በጆሲ ባርተል ነው፤ ወደሱ እሁድ እንመለሳለን።

ቀን 2፣ ዓርብ፦ ኤሽ፣ ኳሱ የገባበት በር

ከሉክሰምበርግ ጣቢያ ወደ ኤሽ-ሱር-አልዜት ባቡሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከከተማው ከወጣችሁ በኋላ መሬቱ ሲቀላ ይታያል። ይህ ሚኔት የሚባለው የብረት ማዕድን አገር ነው፤ ሚኔት የቀዩ ድንጋይ ስም ነበር፣ ኋላ የአካባቢው ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

የሉክሰምበርግ እግር ኳስ የተወለደው እዚህ ነው። በ1906 ዣን ሮደር የተባለ የእንግሊዝኛ መምህር ፎላን መሠረተ፤ ስሙ "ፉትቦል" እና "ላውን ቴኒስ" ከሚሉት ቃላት መነሻ ፊደሎች የተሰፋ ነው። በዓመቱ፣ በ1907፣ እዚያው ከተማ ዠኔስ ተቋቋመ። የአገሪቱ ፌዴሬሽን የተመሠረተው ደግሞ በ1908 ነው። ሁለቱን ሜዳዎች በእግር ማዳረስ ይቻላል፤ ዳገት ግን አለ። የፎላ ሜዳ ከከተማው በላይ ባለው ጋልገበርግ ኮረብታ ላይ ሲሆን የብረት ኩባንያው አለቃ የነበረውን የኤሚል ማይሪሽን ስም ይዟል። የዠኔስ ሜዳ ታች ነው፤ የፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ስለሆነ "የድንበሩ ስታዲየም" ይባላል። ዠኔስ 28 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1973 ሊቨርፑልን በዚህ ሜዳ 1 ለ 1 ይዞታል።

ከሰዓት በኋላ በባቡር ወደ ቤልቫል-ዩኒቨርሲቴ ውጡ። ከመድረኩ ስትወጡ ሁለት ግዙፍ የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ከፊታችሁ ይቆማሉ፤ የመጨረሻው እሳቱ የጠፋው በ1997 ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው በነሱ ጥላ ሥር ነው። አንዱ ምድጃ በጉብኝት ወቅት ላዩ ላይ መውጣት ለሚፈልግ ይከፈታል፤ ደረጃው ክፍት የብረት ወንፊት ስለሆነ ከፍታ የሚያዞረው ሰው ታች ቢቀር ይሻላል። ከዚያ ላይ ሆኖ የሚታየው ነገር የክለቦቹን ታሪክ ከመጽሐፍ በላይ ያስረዳል። ፋብሪካ፣ አጠገቡ የሠራተኛ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ ሜዳ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ደግሞ ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ሜዳ። ፈረቃ ጨርሶ የወጣ ሠራተኛ በእግሩ ልምምድ መድረስ ነበረበት፤ ለዚህ ነው ክለቦቹ እንዲህ ተጠጋግተው የበቀሉት። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ጣሊያኖች፣ ኋላም ፖርቱጋሎች ለሥራ ሲመጡ ልጆቻቸው መጀመሪያ የገቡበት የአገሬው ማኅበር ብዙ ጊዜ ይኸው ሜዳ ነበር።

ጊዜ ከተረፈ የኤሽን የተቃውሞ ሙዚየም እዩ። ጀርመን በሜይ 1940 አገሪቱን ስትይዝ የፈረንሳይኛ ስም ሁሉ ተከለከለ፣ የክለብ ስምም ጭምር። ዠኔስ "ጥቁርና ነጭ ኤሽ" በሚል የጀርመንኛ ስም እንዲጫወት ተገደደ። ትርጉሙ "ግስጋሴ" የሆነው ፕሮግሬም ስሙን ተነጥቆ "ኤፍ ካ ኒደርኮርን" ብቻ ተባለ፤ ውድድሩም ወደ ጀርመን ሊግ ተቀላቀለ። በኦገስት 1942 ወጣቶች ለጀርመን ጦር እንዲዘምቱ ሲታወጅ በሰሜኑ ከተማ በቪልትዝ የተነሳው አድማ እዚህ ደቡብ ያሉትን የብረት ፋብሪካዎች አዳረሰ፤ 21 ሰዎች ተገደሉ። አገሪቱ ነጻ ስትወጣ የአገሪቱ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ እንደገና ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን፣ የ1945ን፣ ያነሳው ፕሮግሬ ኒደርኮርን ነው። ስሙን ባስመለሰ ማግስት ማለት ነው።

ቀን 3፣ ቅዳሜ፦ ዲፈርዳንዥና ቢጫው ኮረብታ

ከኤሽ ወደ ፔታንዥ የሚሄደውን ባቡር ያዙ። እዚህ መስመር ላይ ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ኦበርኮርን፣ ቀጥሎ ዲፈርዳንዥ፣ ከዚያ ኒደርኮርን ይመጣል። ኦበርኮርን "ላይኛው"፣ ኒደርኮርን "ታችኛው" ነው፤ "ኮርን" የሚለውን ብቻ ሰምቶ ኦበርኮርን የሚወርድ እንግዳ ጥቂት አይደለም። ሰሌዳው ላይ ስሙ በሁለት ቋንቋ ይጻፋል፤ ኒደርኮርን በሉክሰምበርግኛ ኒደርኩር ነው፣ ዲፈርዳንዥ ደግሞ ዴይፈርደንግ። ለዛሬ ዲፈርዳንዥ ውረዱ።

የከተማው ስም በዓለም የታወቀው በብረት ምሰሶ ነው። ሄንሪ ግሬይ በፈጠረው ዘዴ ሰፋፊ ክንፍ ያለው ምሰሶ እዚህ መሠራት የተጀመረው በ1901 ነው፤ ፋብሪካው ዛሬም ይሠራል፤ የግቢው ርዝመት ከከተማው መሀል ይታያል። ኒደርኮርን በአስተዳደር የዚሁ ከተማ ክፍል ነው። ይህን ግን ለፕሮግሬ ደጋፊ መንገር አይመከርም።

የዚህ ጉዞ ዋና ነጥብ ያለው እዚህ ነው። በሚኔት የክለቦችን ስም አንብቡ፦ ኤፍ 91 ዱደላንዥ፣ ሮዳንዥ 91፣ ኬርየንግ 97፣ ዲፈርዳንዥ 03፣ ዩኒየን 05 ካይል-ቴታንዥ። ቁጥሩ የምሥረታ ዓመት ይመስላል፤ በእርግጥ የውህደት ዓመት ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ የሞቱ ሁለት ወይም ሦስት ክለቦች አሉ። ዱደላንዥ ውስጥ አሊያንስ፣ ስታድና ዩኤስ በ1991 አንድ ሆኑ፤ ሦስቱም ቀደም ሲል የየራሳቸው ዋንጫና ደጋፊ ነበራቸው። እዚህ ዲፈርዳንዥ ላይ 6 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነውና 15 ዋንጫ ያነሳው ሬድ ቦይስ በ2003 ከጎረቤቱ ጋር ተዋሕዶ ስሙ ጠፋ። ሬድ ቦይስ በ1984 አያክስን በሜዳው 0 ለ 0 ይዞ፣ አምስተርዳም ላይ 14 ለ 0 የተሸነፈ ነው።

ለምን ተዋሐዱ? በ1970ዎቹ አጋማሽ የብረት ቀውሱ ሲመጣ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ቀነሱ። ክለቡን በነጻ የሚያገለግለው፣ መስመር የሚቀባው፣ ማልያ የሚያጥበው፣ ሕፃናት የሚያሠለጥነው ሰው የፋብሪካው ሠራተኛ ነበር። ሥራው ሲጠፋ ወጣቱ ለባንክ ሥራ ወደ ዋና ከተማው ሄደ፤ የታዳጊ ቡድን ለመሙላት ልጅ ጠፋ። ማዘጋጃ ቤቶችም ለሁለት ሜዳና ለሁለት የመልበሻ ቤት ከመክፈል ለአንድ መክፈልን መረጡ። ውህደት በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ትክክል ይመስላል፤ ዱደላንዥ ከተዋሐደ በኋላ አገሪቱን ገዝቶ በ2018 ለዩሮፓ ሊግ ምድብ የበቃ የመጀመሪያው የሉክሰምበርግ ክለብ ሆኗል። የሚከፈለው ዋጋ ግን በደጋፊው ላይ ይታያል። የሁለት ክለብ ደጋፊ ሲደመር የሁለት እጥፍ ደጋፊ አይሆንም፤ አያቱ በቀዩ ማልያ የተቀበሩለት ሰው አዲስ ቀለም ሲሰጠው ቤቱ መቅረት ይቀናዋል።

ፕሮግሬ አልተዋሐደም። በ1919 የያዘውን ስምና ቢጫና ጥቁር ቀለሙን ይዞ ዛሬም እዚያው ሜዳ ላይ አለ። ከዲፈርዳንዥ የሚለየው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ከተማው አንድ ሆኖ፣ ለብቻው መቆየቱ ከዋንጫዎቹ ሁሉ የበለጠ ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

ከምሳ በኋላ ጊለ ቦተር ኮረብታን ውጡ። በዲፈርዳንዥ፣ በኒደርኮርንና በፔታንዥ መሀል ያለ፣ ላዩ ተገልጦ ማዕድን የወጣበት፣ ከ1991 ወዲህ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ የሆነ ቦታ ነው። ስሙ "ቢጫ ቅቤ" ማለት ነው፤ ከድንጋዩ ቀለም የመጣ። ከመሬቱ ቀይና ቢጫ አቧራ ላይ የዱር ኦርኪድ ይበቅላል፤ በሜይና በጁን ያብባል። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጫማ ላይ እንደ ሸክላ ይጣበቃል፣ ቁልቁለቱም ያንሸራትታል፤ ሶሉ የተቦረቦረ ጫማ አድርጉ። ከተቀባው መንገድ አትውጡ፤ በየአካባቢው ከሥር ባዶ የሆነ የማዕድን ዋሻ አለ። ዝግ ብሎ ለሚሄድ ሦስት ሰዓት ይበቃል። ጫፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ የኒደርኮርን ጣሪያዎችና የሜዳው መብራት ምሰሶዎች ይታያሉ።

ቀን 4፣ እሁድ፦ ኒደርኮርን

ጠዋቱን ለእንፋሎት ባቡር ማዋል ይቻላል። "ባቡር 1900" የሚባለው የቆየ ባቡር ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር እሁድ እሁድ ከፔታንዥ ወደ ፎን-ደ-ግራ ይሄዳል፤ በፈቃደኞች ስለሚነዳ ይህ በክፍያ ነው። የሊጉ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በ16:00 ይጀመራል፤ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ የመመለሻውን ባቡር ሳታዩ አትሳፈሩ። ከፔታንዥ ወደ ኤሽ አቅጣጫ በሚሄደው ባቡር ኒደርኮርን የመጀመሪያው ጣቢያ ነው። የጨዋታውን ቀንና ሰዓት በዋዜማው እንደገና ተመልከቱ፤ ቴሌቪዥን ወይም ዝናብ ያዛውረዋል። እሁድ የሐዲድ ጥገና ካለም ባቡሩ በአውቶቡስ ይተካል፤ ጉዞውም ይረዝማል።

የክለቡ ሜዳ ጆስ ሃውፐርት ይባላል፤ ጥቂት ሺህ ሰው የሚይዝ፣ በቤቶች መሀል የተቀመጠ ሜዳ ነው። ጨዋታው ሊጀመር 45 ደቂቃ ሲቀረው ድረሱ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ በመግቢያውም በቡፌውም ካርድ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ። ስትገቡ "ሞየን" በሉ፤ ጧትም ማታም የሚሠራ የአገሩ ሰላምታ ነው። ቡፌው የክለቡ ሳሎን ነው። የሚጠበሰው ቋሊማ አብዛኛው አሳማ ስለሆነ የማይበላ ይጠይቅ። ግሮምፐረኪሽልሸር የሚሉት የድንች ቂጣም በብዙ ቦታ ይገኛል፦ የተፈገፈገ ጥሬ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ፐርስሊ፣ ትንሽ ዱቄትና እንቁላል ተለውሶ በዘይት ይጠበሳል። ሥጋ የለውም፣ እንቁላል ግን አለው፤ ጾም ለያዘ ሰው አይሆንም።

ሜዳ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ድንበሩን ተሻግረው ከፈረንሳይ ሎሬን የሚመጡ ናቸው። ሆኖም በጨዋታው ዝርዝር ላይ የመጀመሪያ የተጫዋችነት ፈቃዳቸውን ሉክሰምበርግ ውስጥ ያወጡ የተወሰኑ ልጆች እንዲኖሩ ፌዴሬሽኑ ያስገድዳል። ለዚህ ነው የታዳጊ ቡድን የሌለው ክለብ ገንዘብ ቢኖረውም የሚንገዳገደው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ውስጥ በዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ መፈለግ ጥሩ ልማድ ነው።

የክለቡ ወርቃማ ዘመን አጭር ነበር። ዋንጫውን በ1933 እና በ1945፣ ሊጉን በ1953 ወሰደ። ከዚያ በ1977 ዋንጫ፣ በ1978 ሊግና ዋንጫ በአንድ ላይ፣ በ1981 ደግሞ ሊግ። የመሀሉን 1979 የጎረቤቱ ሬድ ቦይስ ወስዶበታል። ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ሲያሰናብቱ በነበረበት ዘመን የሊጉ ክብር በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት መሀል ይመላለስ ነበር።

ድሉ ግን ወደ አውሮፓ ሲወጣ መከራ ነበር። በ1977 የዴንማርኩ ቫይሌ በደርሶ መልስ 10 ለ 0 አሸነፈው። በሴፕቴምበር 1978 ሪያል ማድሪድ ደረሰው፤ መጀመሪያ 5 ለ 0፣ በመልሱ 7 ለ 0፣ ድምር 12 ለ 0። እስከ 2017 ድረስ ፕሮግሬ በአውሮፓ ያገባው ግብ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በ1981 ከሰሜን አየርላንዱ ግሌንቶራን ጋር 1 ለ 1 ሲለያይ።

ከዚያ ጁላይ 4 ቀን 2017 መጣ። ተጋጣሚው የስኮትላንዱ ሬንጀርስ፣ ሜዳው ጆሲ ባርተል። በመጀመሪያው ጨዋታ ግላስጎው ላይ ፕሮግሬ የተሸነፈው 1 ለ 0 ብቻ ነበር፤ ብዙዎች ያላስተዋሉት ይህን ነው። አንድ ግብ ድምሩን እኩል ታደርገዋለች፣ ሁለት ካገባ ያልፋል። በ66ኛው ደቂቃ ኢማኑኤል ፍራንስዋ አገባ። በ75ኛው ሴባስቲያን ቲል ሁለተኛውን ጨመረ። ከዚያ ወዲያ የነበሩት ደቂቃዎች ረጅም ነበሩ፤ ሬንጀርስ ግን አላገባም። አንድም ዙር አልፎ የማያውቅ ክለብ በአውሮፓ ስም ያለውን ቡድን ከውድድር አስወጣ። ቀጥሎ ቆጵሮስ ላይ በሊማሶሉ ኤኢኤል ቆመ፤ በዓመቱ ግን የአዘርባጃኑን ጋባላንና የሃንጋሪውን ሆንቬድን ጥሎ አለፈ። በ2019 ሬንጀርስ እንደገና ሲደርሰው በግላስጎው 2 ለ 0 ተሸንፎ በሉክሰምበርግ 0 ለ 0 ወጣ።

አንድ የማጣሪያ ዙር የሚያስገኘው ክፍያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው፤ እሁድ በመግቢያ ከሚሰበሰበው ጋር አይወዳደርም። ብዙ ትንሽ ክለብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ በሚቀጥለው ዓመትም የሚገባ መስሎት በዚያ ገንዘብ ልክ ደሞዝ ይዋዋላል፣ ሳያልፍ ሲቀር ዕዳው ይቀራል።

የቲል ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። ከፕሮግሬ በውሰት ለሞልዶቫው ሸሪፍ ሲጫወት ሴፕቴምበር 28 ቀን 2021 ሪያል ማድሪድ ሜዳ ሳንቲያጎ በርናቤው ገባ። ውጤቱ 1 ለ 1 ሆኖ ጨዋታው 89ኛው ደቂቃ ላይ ደረሰ። ኳሷ ከሳጥኑ ውጪ መጣችለት፤ ሳያቆማት በግራ እግሩ መታት፣ የመረቡን ላይኛ ጥግ መታች። ሸሪፍ 2 ለ 1 አሸነፈ። የክለቡን መዝገብ የሚያውቅ ሰው ያን ምሽት ያሰበው 1978ን ነው፤ አሥራ ሁለት ግብ ያስቆጠረባቸው ቡድን በገዛ ሜዳው ከኒደርኮርን በተላከ እግር ተሸነፈ።

ጨዋታው ሲያልቅ ቡፌው ወዲያው አይዘጋም፤ ተጫዋቾቹም ታጥበው ይወጣሉ፣ ማነጋገር ይቻላል። ለመመለስ ሁለት መንገድ አለ፦ በፔታንዥ በኩል ቀይሮ ወደ ሉክሰምበርግ ወይም በኤሽ በኩል። እሁድ ማታ ባቡሩ ስለሚሳሳ ቀድሞ የሚነሳውን ያዙ። ከዲፈርዳንዥ 03 ጋር የተደረገ ደርቢ ከሆነ በኤሽ አቅጣጫ የሚሄደው ባቡር ቢጫና ጥቁር ስካርፍ፣ ቀይና ጥቁር ስካርፍ ተደባልቆበት ይሞላል፤ በሚቀጥለው ጣቢያ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ቀዮቹ ይወርዳሉ።